ያልተሰበሰበ ግብር የት ይገባል?

ሲይሞር ደርስት የሚባል የኒውዮርክ የሕንፃ ባለሀብት በ1989 ከታይምስ አደባባይ ብዙም ሳይርቅ አንድ ትልቅ የቁጥር ሰሌዳ አሰቀለ። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሰዎች «የዕዳ ሰዓት» ይሉታል፤ የሚቆጥረው የአሜሪካን መንግሥት ዕዳ ነው። ላይኛው መስመር ጠቅላላውን፣ ታችኛው ለአንድ ቤተሰብ ሲካፈል የሚደርሰውን ያሳያል፤ ሁለቱም ዓይን እያየ ይጨምራሉ። ሲሰቀል 2.7 ትሪሊዮን ዶላር ይል ነበር። በ2000 መንግሥት ከሚያወጣው በላይ ይሰበስብ ስለነበር ቁጥሩ መቀነስ ጀመረ፤ ማሽኑ ደግሞ ወደ ኋላ እንዲቆጥር የተሠራ አልነበረም። አጠፉትና ጨርቅ አለበሱት። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ጨርቁ ተነሣ። በ2008 ዕዳው 10 ትሪሊዮን ሲደርስ ሰሌዳው ላይ ለአዲሱ አኃዝ ቦታ ጠፋና የዶላሩን ምልክት አውጥተው «1» ቁጥርን በቦታው ተኩ። በ2025 መገባደጃ ላይ ዕዳው 38 ትሪሊዮን አልፏል።

ኢኮኖሚክስ ያልተማረ ሰው ይህን ሲሰማ የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ ዕዳ ያለበት እንዴት ገቢውን ይቀንሳል? በ1981፣ በ2001፣ በ2003፣ በ2017፣ በ2025 የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ትልልቅ የግብር ቅነሳ ሕጎችን ፈርመዋል። ቅነሳው ወጪውን ራሱ እንደሚሸፍን፣ ኢኮኖሚውን አነቃቅቶ ግምጃ ቤቱን እንደሚሞላ በልበ ሙሉነት የሚናገር ሹምም ታጥቶ አያውቅም። ተራው ሰው ነገሩ አይዋጥለትም፤ ግን ሥዕልና ቀመር የያዘ ባለሙያ ሲመጣበት «እኔ ምን አውቃለሁ» ብሎ ዝም ይላል። ዝም ባይል ይሻል ነበር። ጥርጣሬው በአብዛኛው ልክ ነው፤ ችግሩ አንዳንዴ ሊጠራጠር የሚገባውን ትቶ ሌላውን መጠራጠሩ ነው።

ከሥዕሉ እንጀምር። በ1974 ዋሽንግተን ውስጥ፣ ከዋይት ሃውስ አጠገብ በሚገኝ ሆቴል ሬስቶራንት፣ አርተር ላፈር የሚባል ወጣት ኢኮኖሚስት ከጋዜጠኛው ጁድ ዋኒስኪና በፕሬዚዳንት ፎርድ አስተዳደር ይሠሩ ከነበሩት ከዶናልድ ራምስፌልድና ከዲክ ቼኒ ጋር እራት ላይ ሳለ፣ የአፍ መጥረጊያ ናፕኪን ስቦ አንድ ኩርባ መስመር ሣለበት ይባላል። ታሪኩን ያስፋፋው ዋኒስኪ ነው። ላፈር ራሱ ግን ነገሩን አላስታውሰውም ብሏል፤ ሬስቶራንቱ የሚጠቀመው የጨርቅ ናፕኪን እንደነበረና እናቱ የሰው ዕቃ እንዲያበላሽ አድርጋ እንዳላሳደገችውም አክሏል። ሐሳቡም የእኔ አይደለም፣ ከ600 ዓመት በፊት ኢብን ኻልዱን ጽፎታል ይላል፤ እውነቱን ነው። የሰሜን አፍሪካው ሊቅ መንግሥታት ሲመሠረቱ ጥቂት ጥለው ብዙ እንደሚሰበስቡ፣ ሊወድቁ ሲቃረቡ ግን ብዙ ጥለው ጥቂት እንደሚያገኙ አስተውሎ ነበር።

ኩርባው የሚለው ይህን ነው። ግብሩ ዜሮ በመቶ ከሆነ መንግሥት የሚያገኘው ዜሮ ነው። መቶ በመቶ ከሆነም ያው ዜሮ ነው፤ ያገኘውን ሁሉ ለሚወስድበት መንግሥት ሥራ ሠርቶ የሚያሳውቅ ማንም የለም። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ገቢው ጣሪያ የሚነካበት አንድ ቦታ መኖር አለበት። ከዚያ ቦታ በላይ ከሆንክ ግብር ስትቀንስ ገቢህ ይጨምራል። እስከዚህ ድረስ የሚከራከር የለም። ኩርባው የማይነግረን አሜሪካ የትኛው ጎን ላይ እንደቆመች ነው፤ ናፕኪኑ ላይ ቁጥር አልተጻፈም። የኖቤል ተሸላሚው ፒተር ዳይመንድና ኢማኑኤል ሳኤዝ በ2011 ባወጡት ስሌት፣ በጣም ሀብታም በሆኑት ላይ ጣሪያው የሚገኘው ሁሉም ዓይነት ግብር ተደምሮ 73 በመቶ ገደማ ላይ ነው፤ አሜሪካ ከዚያ ብዙ በታች ነች። ከነሱ የተለየ ቁጥር የሚሰጡም አሉ። ቢሆንም የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በ2012 ከቀኝም ከግራም የተመረጡ ታዋቂ ኢኮኖሚስቶችን «አሁን የፌዴራል የገቢ ግብር ቢቀነስ በአምስት ዓመት ውስጥ የመንግሥት ገቢ ሳይቀነስ ከሚሆነው ይበልጣል ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ ይበልጣል ያለ አንድም አልነበረም። ኢኮኖሚስቶች እንዲህ በአንድ ድምፅ የሚናገሩበት ጉዳይ ብዙ አይደለም።

ሮናልድ ሬገን ሥልጣን ሲይዝ ከፍተኛው የገቢ ግብር 70 በመቶ ነበር። በኦገስት 1981 በፈረመው ሕግ ወደ 50 አወረደው፤ በ1986 ደግሞ ወደ 28። ጆርጅ ቡሽ ትልቁ በ1980 የሬገን ተቀናቃኝ ሳለ ይህን ዕቅድ የጥንቆላ ኢኮኖሚክስ ብሎ ተሳልቆበት ነበር፤ ከጥቂት ወራት በኋላ የሬገን ምክትል ሆኖ ሲመረጥ ስላቁ ቆመ። ሬገን የተረከበው ዕዳ 1 ትሪሊዮን አልሞላም ነበር። ሲወጣ 2.7 ትሪሊዮን ደርሷል፤ የደርስት ሰሌዳ የተሰቀለውም ሬገን ዋይት ሃውስን በለቀቀ በወሩ ነው። ፍርዱ እንዳይዛባ መጨመር ያለበት አለ። ያን ዕዳ ያመጣው የግብር ቅነሳው ብቻ አልነበረም፤ የመከላከያ ወጪ አብጧል፣ የማዕከላዊው ባንክ የፌዴራል ሪዘርቭ ሊቀ መንበር ፖል ቮልከር ግሽበትን ለማንበርከክ ወለድን ሰማይ ሰቅሎታል፣ በዚህ የተነሣም ኢኮኖሚው በ1981 እና በ1982 ክፉኛ ተንኮታኩቷል። ሬገን ራሱ የጉድለቱ ስፋት አስደንግጦት ከ1982 ጀምሮ ደጋግሞ ግብር ጨምሯል። ደጋፊዎቹ ይህን ብዙ ጊዜ አያነሡትም፤ ተቃዋሚዎቹም አያነሡትም።

አሁን ተራውን ሰው ብዙ ጊዜ ዝም ወደሚያሰኘው መልስ እንምጣ። «ግብር ቀንሰን ገቢው ጨመረ! ሰነዱ ይኸው» ይላሉ። ሰነዱ እውነት ነው። የ2017ቱ ሕግ የኩባንያዎችን የትርፍ ግብር ከ35 ወደ 21 በመቶ አወረደ። በ2017 የበጀት ዓመት የፌዴራል መንግሥት 3.316 ትሪሊዮን ዶላር ሰብስቦ ነበር፤ በ2018 የሰበሰበው 3.330 ትሪሊዮን ነው። ጨምሯል። ግን ምን ያህል? ከመቶ ግማሽ እንኳ አይሞላም። በዚያው ዓመት ዋጋ ከ2 በመቶ በላይ ንሯል፣ ሕዝቡ በዝቷል፣ የኢኮኖሚው መጠን በዶላር ሲለካ 5 በመቶ ገደማ አድጓል። ደመወዙ ከ10,000 ወደ 10,040 ብር «ያደገለት» ሠራተኛ ጤፍ ሻጩ ፊት ሲቆም አደገልኝ አይልም። የኩባንያዎች ግብር ብቻውን ሲታይ ደግሞ ከ297 ቢሊዮን ወደ 205 ቢሊዮን ዶላር ወርዷል።

በማደግ ላይ ባለ ኢኮኖሚ የመንግሥት ገቢ በማንኛውም ተራ ዓመት ይጨምራል፤ ማንም ምንም ባያደርግ ይጨምራል። ስለዚህ «ካለፈው ዓመት በለጠ» የሚለው ማነጻጸሪያ ምንም አያስረዳም። መነጻጸር ያለበት ሕጉ ባይወጣ ኖሮ ይገኝ ከነበረው ጋር ነው፤ ይህንን ደግሞ ማየት አይቻልም፣ መገመት ብቻ ነው የሚቻለው። የፖለቲከኛው ምሽግ እዚህ ጋ ነው። የሚታየውን ቁጥር ይዞ ይሟገታል፤ አንተ የማይታየውን ይዘህ ትሟገታለህ። የኮንግረስ የበጀት ጽሕፈት ቤት ይህን የማይታይ ቁጥር መገመት ሥራው ነው። በኤፕሪል 2018 ሲያሰላ፣ ቅነሳው ኢኮኖሚውን በመጠኑ እንደሚያነቃቃና ከጎደለው የተወሰነውን እንደሚመልስ ተቀብሎ፣ ያ ሁሉ ታስቦለትም ሕጉ እስከ 2028 ወደ 1.9 ትሪሊዮን ዶላር ጉድለት እንደሚጨምር ደመደመ። የግምጃ ቤቱ ሹም ስቲቨን ምኑሽን ግን ራሱን ይሸፍናል ብሎ ነበር። በ2019፣ ሥራ አጥነት በ50 ዓመት ውስጥ ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ደርሶ ሳለ፣ የበጀት ጉድለቱ 984 ቢሊዮን ዶላር ሆነ። በጥጋብ ዘመን እንዲህ ያለ ጉድለት የተለመደ አይደለም።

ከዚህ ሌላ ሰከን ያለ የሚመስል ክርክር አለ። «እርግጥ ነው ገቢው ይቀንሳል፤ የምንፈልገውም እሱን ነው። ገንዘብ ያጣ መንግሥት ወጪውን ሳይወድ በግድ ይቀንሳል» የሚል። ኢኮኖሚስቱ ሚልተን ፍሪድማን ከዚህ ሐሳብ ጎን የቆመ ሰው ነበር፤ ትክክለኛው ግብር መንግሥት የሚያወጣው ገንዘብ ነውና ዓይናችሁን ወጪው ላይ አድርጉ እያለ ዕድሜውን ሙሉ አስተምሯል። ሐሳቡን በቁጥር የፈተሸው ግን ከዚያው ወገን የሆነው፣ የሬገን የኢኮኖሚ አማካሪ የነበረው ዊሊያም ኒስካነን ነው። ያገኘው ተቃራኒውን ነው፦ ግብር ዝቅ ባለባቸው ዓመታት ወጪ የመጨመር አዝማሚያ አሳይቷል። ሲያስቡት ይገባል። አንድ ዶላር የሚያወጣ አገልግሎት ለመራጩ በ80 ሳንቲም ሲሸጥለት ተጨማሪ ይጠይቃል እንጂ ለምን ይቀንሳል? ቀሪዋ 20 ሳንቲም የት እንዳለች የሚያይ የለም።

የት እንዳለች ሳይውል ሳያድር የታየበት ቦታ ካንሳስ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በኔ አስተያየት ከዋሽንግተን ክርክሮች ሁሉ በላይ የሚያስተምረው ይኸው ነውና።

ካንሳስ በአሜሪካ መሐል የምትገኝ፣ ስንዴና ከብት የሚበዛባት፣ ሕዝቧ 3 ሚሊዮን የማይሞላ ግዛት ናት። እንደ ፌዴራሉ መንግሥት ገንዘብ አታትምም፤ ሕጓም የዓመቱን ወጪ በዓመቱ ገቢ እንድትሸፍን ያስገድዳታል። ዕዳ ውስጥ መደበቅ አትችልም ማለት ነው። አገረ ገዥው ሳም ብራውንባክ በሜይ 2012 የፈረመው ሕግ ከፍተኛውን የግዛቲቱን የገቢ ግብር ከ6.45 ወደ 4.9 በመቶ አወረደው። ከዚህ የባሰው ሁለተኛው አንቀጽ ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ አነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች የራሳቸው የትርፍ ግብር የላቸውም፤ ትርፉ በባለቤቱ ገቢ ላይ ይደመርና እሱ ይከፍልበታል። ካንሳስ ይህን ገቢ ጨርሳ ነፃ አወጣችው። ደመወዝተኛዋ ነርስ ትከፍላለች፤ የሆስፒታሉን ጽዳት በኮንትራት የያዘው ባለድርጅት አይከፍልም። ባለሙያ ሆኖ ምክር ሲሰጥ የነበረው ማን መሰላችሁ? የናፕኪኑ ሰው አርተር ላፈር ነበር፤ ግዛቲቱ 75,000 ዶላር ከፍላዋለች።

ቀጥሎ የሆነውን ለመተንበይ ዶክትሬት አያስፈልግም። ትናንት ተቀጣሪ የነበረው ጠበቃ፣ ሐኪም፣ የኮምፒዩተር ባለሙያ ዛሬ «ድርጅት» ሆኖ ብቅ አለ፤ ሥራው ያው፣ ወንበሩም ያው። ነፃነቱን የተጠቀሙበት ከ330,000 በላይ ሆኑ፤ ይህም ከታሰበው እጅግ የበዛ ነበር። በመጀመሪያው ሙሉ የበጀት ዓመት የግዛቲቱ ገቢ 700 ሚሊዮን ዶላር ያህል ጎደለ፤ አጠቃላይ መደበኛ በጀቷ 6 ቢሊዮን ገደማ ለሆነ ግዛት ይህ ከባድ ነው። የተጠበቀው የሥራ ዕድል ጎርፍ አልመጣም፤ በሥራ ዕድገት ካንሳስ ከአገሪቱ አማካይ ኋላ ቀረች።

ያልተሰበሰበው ግብር ከዚያ በኋላ ሌላ ሌላ ስም ይዞ ተመለሰ። ለመንገድ የተቀመጠው ገንዘብ ለመደበኛ ወጪ ተወሰደ። ለሠራተኞች ጡረታ መከፈል የነበረበት መዋጮ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። በ2015 አንዳንድ የትምህርት ወረዳዎች ገንዘብ አልቆባቸው ትምህርት ቤቶቻቸውን ከቀኑ በፊት ዘጉ። በዚያው ዓመት የሽያጭ ታክሱ ከ6.15 ወደ 6.5 በመቶ ወጣ፤ የሲጋራም ታክስ ጨመረ። ካንሳስ ያኔ ዳቦና ወተት ላይ ሳይቀር ሙሉ የሽያጭ ታክስ ታስከፍል ነበር። ስለዚህ ከጠበቃው «ድርጅት» የቀረው ግብር በከፊል ወተት ከምትገዛው እናት ተሰበሰበ ቢባል ማጋነን አይደለም። የብድር ደረጃ መዳቢዎቹ ግዛቲቱን ዝቅ አደረጓት፤ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ለትምህርት የሚመደበው በጀት ሕገ መንግሥቱ ከሚጠይቀው በታች ነው ሲል ፈረደ።

የብራውንባክ ወገኖች መከላከያ አላቸው፤ ጨርሶ ባዶ አይደለም። በዚያን ጊዜ የእህልና የነዳጅ ዋጋ ወርዶ ካንሳስን ጎድቷታል። ወጪው አብሮ አለመቀነሱንም ያነሣሉ። ግን ፍርዱን የሰጡት ባላንጣዎቹ አልነበሩም። በጁን 2017 ሕጉን የሻሩት፣ የአገረ ገዥውንም የተቃውሞ ፊርማ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያለፉት፣ የገዛ ፓርቲው ሪፐብሊካኖች አብላጫ የያዙባቸው ሁለቱ ምክር ቤቶች ናቸው። ከስድስት ወር በኋላ ዋሽንግተን ያሉት ሪፐብሊካኖች የ2017ቱን ሕግ አጸደቁ። ላፈር ደግሞ በ2019 ከፕሬዚዳንት ትራምፕ እጅ የነፃነት ሜዳልያ ተሸለመ።

ዋሽንግተን ከካንሳስ የምትለየው መበደር በመቻሏ ነው። ወጪው ሳይነካ የተቀነሰ ግብር እዚያም አልጠፋም፤ ከፋዩ ማን እንደሆነ ገና አልተወሰነም እንጂ ግብርነቱ አልቀረም። ተራው ሰው ዕዳ ሲባል የሚያስበው የባለሱቁን የዱቤ ደብተር ነው፤ አንድ ቀን ባለሱቁ ይመጣል፣ ሁሉንም ክፈል ይላል፣ የሌለው ይዋረዳል። ጥርጣሬው ቦታ የሚስተው እዚህ ላይ ነው።

መንግሥት አይሞትም፣ ጡረታም አይወጣም። የዘንድሮው የብድር ሰነድ ቀኑ ሲደርስ አዲስ ሰነድ ሸጦ ይከፍለዋል፤ ሰነዱን ለመግዛት የሚሰለፍ እስካለ ድረስ ዋናው ዕዳ ተከፍሎ ማለቅ የለበትም። አሜሪካ ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ስትጨርስ፣ በ1946፣ ሕዝብና ባንኮች የያዙት ዕዳዋ ከዓመታዊ ምርቷ ይበልጥ ነበር፤ 106 በመቶ። በ1974 ወደ 23 በመቶ ወርዷል። ተከፍሎ ይመስላችኋል? በዶላር ሲቆጠር ከ240 ቢሊዮን ገደማ ወደ 340 ቢሊዮን ከፍ ብሏል። ዕዳው ባለበት ሲያዘግም ኢኮኖሚው ጥሎት ሄደ እንጂ ዕዳውስ አልተከፈለም። (ግን ከፋይ አልነበረም ማለት አይደለም። ወለዱ ዝቅ ብሎ ግሽበቱ ከፍ ባለባቸው ዓመታት የጦርነት ቦንድ የገዛው ቆጣቢ ሲመለስለት ያገኘው ገንዘብ የሚገዛለት ዕቃ ቀንሶ ነበር፤ ለመንግሥት ሳያውቀው ግብር ከፈለ።) ዕዳውን ጨርሶ የከፈለ አንድ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ብቻ ነው፤ አንድሩ ጃክሰን፣ በ1835። ከሁለት ዓመት ጥቂት በኋላ አገሪቱ በባንኮች መውደቅ ታመሰች። አንዱ ሌላውን አመጣው ባልልም፣ ዜሮ ዕዳ ጤና ማለት እንዳልሆነ ለማሳየት ይበቃል።

ደግሞስ አበዳሪው ማን ነው? ብዙ ሰው ቻይና ይመስለዋል። ቻይና በ2025 የያዘችው ከ800 ቢሊዮን ዶላር በታች ነው፤ ከውጭ አገሮች ትልቋ አበዳሪ ጃፓን ናት፣ ከ1 ትሪሊዮን ጥቂት በላይ። አብዛኛው በአሜሪካውያን ጡረታ ፈንዶች፣ ባንኮች፣ ባለሀብቶች፣ በፌዴራል ሪዘርቭና በመንግሥቱ በራሱ የጡረታ ካዝና እጅ ነው። የመንግሥት ዕዳ የሌላ ሰው ሀብት ነው። ስለዚህ የልጅ ልጆቻችን ዕዳውን እንደሚወርሱ ሁሉ የብድር ሰነዱንም ይወርሳሉ፤ አንዳንዶቹ ዕዳውን፣ ሌሎቹ ሰነዱን። እኔ ስለ «መጪው ትውልድ» የሚሰጠውን ስብከት ከማልወድባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው፤ ትውልድ በጅምላ ሲጠራ በትውልዱ ውስጥ ከፋይና ተቀባይ መኖሩ ይረሳል። በግብር ቅነሳው ብዙ የተረፈለት ሰው በተረፈው ገንዘብ የመንግሥት ቦንድ ይገዛል። ቀድሞ ለመንግሥት ይሰጥ የነበረውን አሁን ያበድራል፤ ወለድም ይቀበላል።

ወለዱ ነው እንግዲህ ማየት የሚገባን። በ2021 የአሜሪካ መንግሥት ለወለድ ያወጣው 350 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በ2024 ወደ 880 ቢሊዮን ደረሰ፤ ከመላው የመከላከያ ወጪው በለጠ። ከሚሰበስበው እያንዳንዱ ዶላር ወደ 18 ሳንቲም የሚጠጋው ለቦንድ ባለቤቶች ይሄዳል ማለት ነው። በሦስት ዓመት እንዲህ ያሻቀበው ዕዳው በአንድ ጊዜ እጥፍ ሆኖ አይደለም፤ በአማካይ 1.6 በመቶ የነበረው ወለድ ከ3 በመቶ በላይ ስለወጣ ነው። ርካሽ ዕዳ ሁልጊዜ ርካሽ ሆኖ አይኖርም፤ መቼ እንደሚወደድ የሚወስነው ደግሞ ተበዳሪው ብቻ አይደለም።

እንግሊዞች ይህን በአንድ ሳምንት ውስጥ አዩት። ሊዝ ትረስ ጠቅላይ ሚኒስትር ከሆኑ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ሴፕቴምበር 23 ቀን 2022፣ የገንዘብ ሚኒስትራቸው የ45 ቢሊዮን ፓውንድ የግብር ቅነሳ አወጀ፤ በምን እንደሚሸፈን አልተነገረም፣ የገለልተኛው የበጀት መሥሪያ ቤት ግምገማም አብሮ አልወጣም። የብሪታንያ ዕዳ ያን ጊዜ ከአሜሪካ ያነሰ ነበር። ቢሆንም ሰነድ ገዢዎቹ ተደናገጡ። ፓውንድ ከዶላር አንጻር በታሪኩ ዝቅተኛ ወደሆነው ደረጃ ወረደ፣ የመንግሥት ቦንድ ወለድ ተተኮሰ፣ የጡረታ ፈንዶች ሊናጉ ሲሉ የእንግሊዝ ባንክ ገብቶ ገበያውን ያዘ። ኦክቶበር 20 ላይ ትረስ እንደሚለቁ አስታወቁ።

አሜሪካ ግን እስካሁን እንዲህ አልሆነባትም። ለምን እንደሆነ ለኢትዮጵያ አንባቢ ማስረዳት ቀላል ነው። ኢትዮጵያ በዲሴምበር 2014 አንድ ቢሊዮን ዶላር ለአሥር ዓመት በ6.625 በመቶ ወለድ ከዓለም ገበያ ተበደረች። በዲሴምበር 2023 የደረሰው የግማሽ ዓመት ወለድ 33 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ አልተከፈለም። መንግሥት አበዳሪዎችን ሁሉ በእኩል ለማስተናገድ ነው ብሎ ነበር። የሆነ ሆኖ አገሪቱ ዕዳቸውን መክፈል ካቆሙት ተርታ ተመዘገበች። ዕዳው በዶላር ነው፤ ብሔራዊ ባንክ ማተም የሚችለው ብር ነው። በጁላይ 2024 የምንዛሪው ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ያቺው አንድ ቢሊዮን ዶላር በብር ስትመነዘር 57 ቢሊዮን የነበረችው ከ100 ቢሊዮን በላይ ሆነች፣ አንድ ሳንቲም ተጨማሪ ሳይበደሩ። አሜሪካ የምትበደረው ራሷ በምታትመው ገንዘብ ነው። ከዚህም በላይ ዓለም ሁሉ ለክፉ ቀን የሚያስቀምጠው ያንኑ ዶላር ነው። 38 ትሪሊዮን ዕዳ ተሸክሞ በመኖርና በ33 ሚሊዮን በመደናቀፍ መካከል ያለው ልዩነት የቁጥሩ መጠን ሳይሆን የገንዘቡ ባለቤትነት ነው።

ይህ ማለት ግን አሜሪካ ላይ የሚከፍል የለም ማለት አይደለም። ጁላይ 4 ቀን 2025 ትራምፕ የፈረሙት ሕግ ሊያበቃ የተቃረበውን የ2017ቱን ቅነሳ ቋሚ ያደርጋል፣ ሌሎችንም ይጨምራል። የኮንግረስ የበጀት ጽሕፈት ቤት በአሥር ዓመት 3.4 ትሪሊዮን ዶላር ጉድለት እንደሚጨምር አስልቷል። በዚያው ሕግ ውስጥ መንግሥት እንዲበደር የሚፈቀድለት የዕዳ ጣሪያ በ5 ትሪሊዮን ዶላር ከፍ ብሏል። በሕጉ ሳቢያ በ2034 ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው የጤና መድኅን እንደሚያጣም ይኸው ጽሕፈት ቤት ገምቷል። የግብር ቅነሳውና የአገልግሎት ቅነሳው ተደምሮ ሲታይ በገቢ ከመጨረሻው አንድ አሥረኛ የሚገኘው ቤተሰብ በአማካይ በዓመት ወደ 1,200 ዶላር ሲያጣ፣ ከላይኛው አንድ አሥረኛ ያለው ወደ 13,600 ዶላር ያተርፋል።

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ሬስቶራንት የሚሠራ፣ መኪና የሚያቆም፣ ታክሲ የሚያሽከረክር ሐበሻ ከዚህ ሕግ የሰማው «ቲፕ ላይ ታክስ ቀረ» የሚለውን ነው። ዝርዝሩ እንዲህ ነው። እስከ 25,000 ዶላር የሚደርስ ቲፕ ግብር ከሚታሰብበት ገቢ ላይ ይቀነሳል፤ ከ2025 እስከ 2028 ብቻ። በ2017 የወጣው የኩባንያዎቹ የ21 በመቶ ግብር ግን የማብቂያ ቀን የለውም። ለጡረታና ለአረጋውያን የጤና መድኅን (ለሜዲኬር) የሚቆረጠውም እንደቀድሞው ቲፑ ላይ ይቆረጣል። የሚቀነሰው ደግሞ ከገቢው ነው፣ ከግብሩ አይደለም፦ 12 በመቶ የሚከፍል ሰው 10,000 ዶላር ቲፕ ቢያስመዘግብ የሚተርፈው 1,200 ነው፤ ገቢው ከማነሱ የተነሣ ቀድሞም የገቢ ግብር የማይከፍል ከሆነ የሚተርፈው ምንም የለም።

ወደ አገር ቤት ገንዘብ መላክንም ሕጉ አልዘለለውም። የምክር ቤቱ የመጀመሪያ ረቂቅ ዜጋ ባልሆኑት ላይ 5 በመቶ ሊጥል ነበር፤ ወደ 3.5 ወረደ፣ ሲጸድቅ 1 በመቶ ሆኖ ዜጋም ዜጋ ያልሆነም የሚከፍለው ሆነ። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ይሠራል። ከአሥር ዓመት በኋላ ተደምሮ ይገኛል የተባለው 10 ቢሊዮን ዶላር ያህል ነው፤ ከ3.4 ትሪሊዮኑ ጋር ሲተያይ ከመቶ ሲሶ እንኳ አይሞላም። ከአሜሪካ ባንክ ሒሳቡ ወይም በካርዱ የሚልክ ሰው አይነካውም። የሚከፍለው ጥሬ ገንዘብ ይዞ ወደ ሐዋላው መስኮት የሚሄደው ነው፤ ቲፑን በጥሬው የሚቀበለው አስተናጋጅ ለምሳሌ፣ ለእናቱ 300 ዶላር ሲልክ 3 ዶላር ይጨምራል።